ትዕግሥትና ዝምታ አንድ ናቸውን?

በስደት ምድር የሚያድጉ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ከመጽሐፍ ቦርሳቸው ሌላ ዓይን የማያየው ሸክም ተሸክመው የሚገቡበት ቀን አለ። በስሙ የተሣቀበት፣ በምሳ ዕቃው ሽታ የተዘባበቱበት፣ ያሰረውን ማተብ የጎተቱበት፣ በቆዳው ቀለም የተሰደበ ልጅ ማታ «እንዴት ዋልህ?» ሲባል «ደኅና» ብሎ ወደ መኝታው ያልፋል። ብዙውን ጊዜ ዝም የሚለው ለወላጆቹ አዝኖ ነው። የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ለእናቱ የሚተረጉመው እርሱ ራሱ ነውና፣ በሥራ ደክማ በገባች እናቱ ላይ ሌላ ጭንቀት መጨመር አይፈልግም።

ነገሩ የተገለጠ እንደ ሆነ ግን በየቤታችን ሁለት ምክሮች ይሰማሉ። አንዱ «ስትመታ ዝም ትላለህ? አንተም መልስለት!» የሚል ነው። ሁለተኛው «ቻለው ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም» ይላል። የፊተኛው ክብርን ከመጠበቅ፣ የኋለኛው ትሕትናን ከማስተማር የመጣ ስለ ሆነ ሁለቱም ከመልካም አሳብ ይነሣሉ። ይሁን እንጂ ልጁን ከመከራው የሚያወጣው የትኛው ነው? ዝምታስ ሁልጊዜ ትዕግሥት ይባላልን?

ለመመለስ አስቀድሞ የነገሩን ጠባይ መለየት ይገባል። ስለዚህ ጉዳይ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በስዊድንና በኖርዌይ ያጠኑት ሊቅ ዳን ኦልቬዩስ ሦስት ምልክቶችን አስቀምጠዋል፤ ጥቃቱ ታስቦ የሚደረግ ነው፣ ይደጋገማል፣ በአጥቂውና በተጠቂው መካከልም የኃይል አለመመጣጠን አለ። እንግዲህ ሁለት እኩዮች በኳስ ምክንያት ቢጣሉ ይህ የልጆች ጠብ ነው፣ በማግሥቱ ይታረቃሉ። አምስት ሆነው አንዱን በየቀኑ ሲያንጓጥጡት ግን ጠብ ሳይሆን ግፍ ነው። ስለዚህ «መልስለት» የሚለው ምክር በቂ አይደለም፤ አንድ ልጅ አምስቱን አይችልምና፣ ቢችልም ሌላ ጉልበተኛ ሆኖ ይወጣል። «ቻለው» የሚለውም አይበቃም፤ የሚደጋገም ግፍ ዝም ሲሉት ይበረታል እንጂ አይደክምም።

መጽሐፍ ቅዱስ ሦስተኛ መንገድ ያሳየናል። ጌታችን በሊቀ ካህናቱ ፊት ቆሞ ሳለ ከሎሌዎቹ አንዱ በጥፊ በመታው ጊዜ መልሶ አልመታም፤ ዝም ብሎም አላለፈውም። ስለ ምን እንደ መታው ጠየቀው። ቅዱስ ጳውሎስም በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ተገርፎ በታሰረ ጊዜ፣ በስውር ሊለቁት ሲሹ አልወጣም አለ፤ በሮማዊ ዜግነቱ መብት ሹማምንቱ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጡት ጠየቀ። ሁለቱም በቀልን አልፈለጉም፤ ግፍን ግን ግፍ ብለው ጠርተውታል። ትዕግሥት ማለት ይህ ነው፤ ዝምታው ከፍርሃት የመጣ እንደ ሆነ ግን በትዕግሥት ስም ሊጠራ አይገባውም።

ስለዚህ ልጆቻችንን ማሳበቅና መናገርን እንዲለዩ እናስተምራቸው። ማሳበቅ ባልንጀራን ለማስቀጣት ነገር ማመላለስ ሲሆን፣ መናገር ግን የተጨነቀን ከጭንቀት ለማውጣት እርዳታ መጥራት ነው። ወላጅም ሰምቶ አይቅር። የሆነውን ከነቀኑና ከነቦታው ይጻፈው፤ ወደ መምህሩ፣ መልስ ካላገኘም ወደ ርእሰ መምህሩ ይሂድ። ቋንቋ ቢቸግረው ከማኅበረ ምእመናኑ የሚያውቅ ሰው ይዞ ይግባ እንጂ የተበደለውን ልጅ በገዛ ጉዳዩ አስተርጓሚ አያድርገው። ይህ ድካም ፍሬ አለው። በኖርዌይ ሦስት ልጆች ራሳቸውን ካጠፉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1983 አገር አቀፍ ዘመቻ ተጀምሮ ነበር፤ ኦልቬዩስ በቤርገን ከተማ በተከታተሏቸው ትምህርት ቤቶች ጥቃቱ በግማሽ ያህል መቀነሱን ገልጸዋል።

ደግሞም ቆሞ የሚያይ አለ። ዮሴፍ በ17 ዓመቱ ወንድሞቹ በጉድጓድ ሲጥሉት ሮቤል በልቡ ሊያድነው አስቦ ነበር፤ ነገር ግን አሳቡን በግልጽ ሳይናገር ዘወር ብሎ ሲመለስ ጉድጓዱን ባዶ አገኘው፤ ልጁ በ20 ብር ተሸጦ ነበር። መልካም አሳብ በጊዜው ካልተነገረ እንዲህ ይዘገያል። በካናዳ በትምህርት ቤት ግቢዎች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ሌሎች ልጆች ጣልቃ ከገቡባቸው ጊዜያት ከግማሽ በሚበልጡት ጥቃቱ በ10 ሴኮንድ ውስጥ ቆሟል። ስለዚህ ልጃችንን «አትምታ» ብቻ ሳይሆን «ብቻውን የተቀመጠውን አጠገቡ ሄደህ ተቀመጥ» ልንለው ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን የገዛ ልጃችን ጉልበተኛ ሆኖ ሲገኝ የሚነሣው ነው። «የኔ ልጅ እንዲህ አያደርግም» ብሎ ከመከራከር በፊት ልጁ ያንን ቃል ከማን አፍ እንደ ሰማው እንመርምር። የሰውን ትውልድ፣ አነጋገርና ሙያ እያነሡ መዝለፍ በአገራችን ቆየት ያለ ደዌ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ጸሐፊውን ሳይቀር በሥራው መስደብን የከለከሉት፣ ስድብ ሰውን ብቻ ሳይሆን አገርን እንደሚያደኸይ ስላዩ ነው። ዛሬም በቡና ላይ በሌላው ነገድ ስንዘብት ልጆቻችን ከጎናችን ተቀምጠው ይማራሉ። ከአገር ቤት በቅርብ የመጣ ልጅ በእንግሊዝኛው አነጋገር የሚሣቅበት በባዕድ ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም፤ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽም ይደረጋል። በውጭ የምንጠላውን ግፍ በውስጥ የምንታገሠው ከሆነ፣ ልጆቻችን የምንጠላው ግፍን ሳይሆን መጠቃትን ብቻ መሆኑን ይረዳሉ።

እግዚአብሔር እስራኤልን መጻተኛውን እንዳይገፉ ያዘዛቸው እነርሱም በግብፅ መጻተኞች እንደ ነበሩ እያሳሰበ ነው። እኛም በሰው አገር ያለን ሰዎች ነንና ይህን ትእዛዝ ለመረዳት ብዙ ትርጓሜ አያሻንም። የተገፋ ሰው ሁለት ነገር ሊማር ይችላል፤ ወይ መግፋትን፣ ወይ ለሚገፋው መቆምን። ልጆቻችን ከሁለቱ የትኛውን እንደሚማሩ የሚወስነው ማታ ማታ በማዕዳችን ላይ የሚሰሙት ቃል ነው።