መምህርነት በቅኔው ጉባኤና በዘመኑ ትምህርት ቤት

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 እንደ ተጻፈው የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። መጽሐፉ በእጁ ነበረ፤ ንባቡንም ያውቅ ነበር፤ የጐደለው መምህር ነው። ፊልጶስም በቀረበው ጊዜ ወዲያው ስብከት አልጀመረም፤ የሚያነበውን ያስተውለው እንደ ሆነ አስቀድሞ ጠየቀው እንጂ። ከዚያም ወደ ሠረገላው ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠና ሰውዬው ካነበበው ቃል ተነሥቶ አስተማረው። ዕውቀት በመጽሐፍና በእጅ ስልክ በሞላበት በዚህ ዘመን የመምህር ሥራ ምን ቀረው እየተባለ ሲጠየቅ እንሰማለንና፣ እኛ ይህን በመንገድ ላይ የተደረገ ጉባኤ እናስባለን።

የጎጃም ሰው ለዚህ ምሳሌ ሩቅ መሄድ አያሻውም። በደብረ ኤልያስ፣ በዲማ ጊዮርጊስ፣ በዋሸራና በጎንጅ የኖረውን የቅኔ ትምህርት ልብ ብለን እንመልከት። የኔታ ግሱንና አገባቡን ያስተምራሉ፤ የቅኔውንም መንገድ ያሳያሉ። ተማሪው ግን የሰማውን መልሶ በመድገም አይወደስም። ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ደበሎውን ተከናንቦ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ጥግ ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቈጥራል። ጀማሪው በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይነሣል፤ የበረታው ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። የቈጠረውንም ይዞ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል። በዚያን ጊዜ የኔታ ዝም ብለው ያደምጣሉ፤ ቤቱ ሲሰበር፣ ሰሙ ከወርቁ ሳይገጥም ሲቀር ያርማሉ። የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ መቅረብ ነውር ነው፤ የተማሪውን አፍ የለመደ መምህርም የተዋሰውን ቃል ከራሱ ቃል ለይቶ ያውቀዋል።

ስለዚህ በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተማሪው ራሱ እየሠራ እንዲማር በፈለገ ጊዜ፣ ነገሩ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም። የሚያስገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ገባ። ከሳተላይት የሚመጣው መምህር በእንግሊዝኛ እየፈጠነ ክፍለ ጊዜውን በአብዛኛው ይይዘው ነበር። በክፍሉ የቆመው መምህር ለመግቢያና ለማጠቃለያ ጥቂት ደቂቃ ይተርፈዋል። ሥዕሉና ሙከራው ቤተ ሙከራ ለሌለው የገጠር ትምህርት ቤት የጠቀመው እንዳለ አንክድም። ነገር ግን ያ በመስታወት ውስጥ ያለ መምህር ተማሪው ግራ ሲጋባ ፊቱን አያይም፤ ቆም ብሎም አይጠይቀውም።

በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር ተሰጠ፤ በጥር ውጤቱ ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። ምክንያቱ ብዙ ነውና በአንድ ነገር ላይ ብቻ አንጭነውም። ሆኖም ልጆቻችን ዓመታት ሙሉ በተዋሰ መልስ ሲያልፉ፣ ይህ ቃል የአንተ ነውን ብሎ የጠየቃቸው ማን ነበር?

ይህን ስንል የድሮው ሁሉ ይመለስ ማለታችን አይደለም። በየኔታ ደጅ አለንጋም ነበረ፤ ቆሎ ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ ከውሻ ጋር እየታገለ መለመኑም የሚመሰገን አይደለም። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ጠላቶች አለመሆናቸውንም በጎጃም ቅኔ ተምረው፣ ዘመናዊውን ትምህርት ጨምረው፣ በኋላ የትምህርት ሚኒስትር የሆኑት ሐዲስ ዓለማየሁ ያሳያሉ።

መምህራን ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ግን እንዲህ ይሉን ይሆናል፤ «ክፍሉ ተጨናንቋል፣ ደመወዙ አይበቃም፣ ሁሉን በየተራ እንዴት እንስማ?» እውነት ነው። የኔታም ሁሉን ብቻቸውን አልሰሙም፤ የበሰለውን ተማሪ አስነጋሪ አድርገው ከጀማሪዎቹ ፊት ያስቀምጡት ነበር። እርሱም በማስነገሩ ይበልጥ ይማር ነበር። ይህ ሥርዓት ገንዘብም መብራትም አይጠይቅም።

ዛሬ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለው መሣሪያ የተጠየቀውን ሁሉ ጽፎ ይሰጣል። ተማሪው ወረቀቱን ለመምህሩ ሲያቀርብ ድርሰቱ ያማረ፣ ልቡ ግን ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መምህር ወረቀቱን ተቀብሎ ነጥብ መስጠቱ አይበቃም፤ ልጁን አቁሞ ይጠይቀው፤ ያስረዳው፤ ሲሳሳትም ሳያሳፍር ያርመው።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ከትምህርት ተለይተዋል። ትምህርት ቤቱ በተዘጋበት ቀበሌ የደብሩ ካህን ከቅዳሴ በኋላ ልጆችን በደጀ ሰላሙ ሰብስቦ ማስነበብ ይቻለዋል። ወላጅም ፊደል ያልቈጠረ ቢሆን እንኳ ማታ ከምድጃው አጠገብ ልጁን «የተማርኸውን በራስህ አነጋገር ንገረኝ» ሊለው ይችላል፤ የሚያውቀውን ሲናገርና ያልገባውን ሲያንተባትብ ድምፁ ይለያል።