ቃል የሌለው ልቅሶ የማን ነው?

ለራስ ማልቀስ ለሌላው ከማልቀስ ያግዳልን? ይህን ጥያቄ በመካከላችን ያስነሣው መጽሐፍ ሳይሆን የአራት መሣሪያዎች አውታር ነው። በረዶ በሚጥልበት አንድ ምሽት፣ ከስብሰባ በኋላ፣ ከቤተ መጻሕፍት በተዋስነው ሸክላ የሩሲያዊውን የዲሚትሪ ሾስታኮቪችን ስምንተኛ የአውታር ኳርቴት ሰማን። ድርሰቱ ለፋሺዝምና ለጦርነት ሰለባዎች መታሰቢያ መሆኑን አስቀድመን ከሸክላው ማኅደር ላይ አንብበን ነበር። ሁለት ቫዮሊኖች፣ አንድ ቪዮላና አንድ ቼሎ አምስቱን ክፍሎች ያለ ዕረፍት ተጫወቱ። ሲያበቃ አንዱ ጓደኛችን ዓይኑን ጠርጎ፣ «ይቅርታ፤ እኔስ ያለቀስኩት እናቴ ትዝ ብላኝ ነው» አለ። ከልቅሶው ይልቅ ይቅርታው አሳሰበን።

በአገራችን ማሲንቆ የአዝማሪውን ግጥም፣ በገናም የደርዳሪውን ጸሎት ያጅባል፤ አውታሩ ሲያለቅስ ቃሉ ምክንያቱን ይነግረናል። ይህ ሙዚቃ ግን ቃል የለውም። በአራተኛው ክፍል እየተመላለሰ የሚመታውን ብርቱ ድምፅ አንዳንዱ አድማጭ የቦምብ ፍንዳታ ነው ይለዋል፤ ሌላው በሌሊት የሚንኳኳ በር ይሰማበታል። እኛ የትኛውን እንደ ሰማን መጠያየቅ አላስፈለገንም።

ሾስታኮቪች ኳርቴቱን የደረሰው እ.ኤ.አ. በጁላይ 1960፣ በ1945 በአየር ድብደባ በወደመችው በድሬስደን አቅራቢያ፣ በሦስት ቀን ውስጥ ነበር። በዚያው ዓመት የኮሙኒስት ፓርቲ አባል እንዲሆን ብርቱ ግፊት ይደረግበት ነበር። ለወዳጁ ለአይዛክ ግሊክማን በጻፈው ደብዳቤም ድርሰቱን ለራሱ መታሰቢያ ማድረጉን ገለጠ። በእርግጥም ድርሰቱ የሚከፈተው ከስሙ ፊደላት በተወሰዱ አራት ኖታዎች ነው።

እንደ ቅኔ ፈትቶ፣ «የሰለባዎቹ መታሰቢያ ሰም፣ የደራሲው ስም ወርቅ ነው» የሚል አይጠፋም። እኛ ግን በዚህ ፍቺ አንስማማም፤ ሁለቱም ወርቅ ናቸውና። የገዛ ቁስሉን የካደ ሰው የሌላውን ቁስል በቁጥር እንጂ በሕመም አያውቀውም። ሾስታኮቪች የሙታኑን ፍርሃት ሊያሰማን የቻለው የራሱን ፍርሃት ስላልደበቀ ይመስለናል።

ከእኛ በፊት በነበረው የተማሪዎች ንቅናቄ ውስጥ የግል ኀዘን የንዑስ ከበርቴ ስሜታዊነት ተብሎ የሚነቀፍበት ጊዜ ነበር። ያ ኀፍረት ለእኛም ተርፏል። ስጋቱ ከቶ መሠረት የለውም አንልም። ሙዚቃ ያስለቀሰው ሰው በማልቀሱ ብቻ ደግ የሆነ ሊመስለው ይችላል፤ እንባውን አብሶ ይተኛል፤ የታሰረው እንደ ታሰረ፣ የተራበው እንደ ተራበ ያድራል። አውታር ልብን ይከፍታል እንጂ የሚሠራውን ሥራ አያዝም። ሥራውን መምረጥ የአድማጩ ዕዳ ነው። ቢሆንም ለእናቱ ማልቀስ የሚያፍር ሰው ስለ ሰፊው ሕዝብ እናቶች ሲናገር ከልቡ መሆኑን በምን እናውቃለን?

ሸክላውን ከመመለሳችን በፊት ደግመን ሰማነው። በዚያን ምሽት ይቅርታ የጠየቀ አልነበረም።