ጭጋግ የመሰሉን ከዋክብት



ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ደመናው ይገለጣል፤ ሰማዩም ታጥቦ የወጣ ይመስላል። በዚህ ወቅት ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ፊታችንን ወደ ደቡብ መልሰን ብንቆም፣ ዓቅራብ ከሚባለው የከዋክብት ምድብ ጅራት አጠገብ እንደ ጭጋግ ያለ ትንሽ ነጭ ነገር እናያለን። የእስክንድርያው ሊቅ በጥሊሞስ በ2ኛው መቶ ዘመን በዓይኑ ብቻ አይቶ የመዘገበው ይህንኑ ነው። በግቢያችን ትንሽ ቴሌስኮፕ አቁመን ስንመለከተው ግን ጭጋጉ ይቀርና 80 ያህል ከዋክብት እንደ ወይን ዘለላ ተሰብስበው ይታያሉ።

ከዚያ ወደ ግራ ከፍ ብሎ፣ ቀውስ በሚባለው ምድብ ውስጥ፣ ሌላ ክብ ጭጋግ አለ። ፈረንሳዊው ሻርል ሜስዬ እ.ኤ.አ. በ1764 ተመልክቶ ኮከብ የሌለበት ጭጋግ መሆኑን ጻፈ። ዊልያም ሄርሼል ግን በ1780ዎቹ ትልቅ መስተዋት ባለው ቴሌስኮፕ ሲመረምር፣ እንዲህ ያሉት ክብ ጭጋጎች በከዋክብት የተሞሉ ሆነው አገኛቸው። በዚያ ዘለላ ውስጥ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ከዋክብት እንዳሉ ዛሬ ይታወቃል፤ ርቀቱም ወደ 10,000 የብርሃን ዓመት ነው። ከሜስዬ እስከ ሄርሼል ከዋክብቱ አልጨመሩም፤ የጨመረው የተመልካቹ ማየት ነው።

መዝሙረ ዳዊት እንደሚያስተምረን፣ አምላካችን የከዋክብትን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዳቸውን ስም ያውቃል። በየማኅበራችን ግን “ወጣቱ ቀዘቀዘ”፣ “ልጆቹ ጠፉ” ሲባል እንሰማለን። በመስከረም የስም መዝገቡ ሲከፈት “አቤት” የሚል የሚጠፋላቸው ስሞች አሉ። አንዷ እናቷን ለማስታመም ቤት ውላ ይሆናል፤ አንዱ ፈተና ወድቆ አፍሮ ይሆናል፤ ሌላው የሚለብሰው አጥቶ ይሆናል። ከሩቅ ሲታዩ ሁሉም “የቀሩ” ተብለው በአንድ ቃል ይጠቀለላሉ።

ጭጋጉን ለይቶ ለማየት ቴሌስኮፕ ብቻውን አይበቃም። መብራት አጥፍቶ 20 ወይም 30 ደቂቃ በጨለማ መቆየት ያስፈልጋል፤ ዓይን ጨለማን የሚለምደው በትዕግሥት ነውና። ደብዛዛ ኮከብ ደግሞ አፍጥጠው ሲያዩት ይሰወራል፤ ጥቂት ወደ ጎን ሲመለከቱ ብቅ ይላል። የዓይናችን መካከለኛ ክፍል ደካማ ብርሃንን አይቀበልምና። የቀረን ወንድም መፈለግም እንዲሁ ነው። “ለምን ቀረህ?” ብሎ ከማፋጠጥ፣ አጠገቡ ተቀምጦ እስኪናገር መጠበቅ ይሻላል።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን ከመዝገቡ አንድ ስም እንያዝ፤ ቤቱም ድረስ እንሂድ። ደጃፉ ስንደርስም በስሙ እንጥራው። መልካሙ እረኛ 99ኙን ትቶ የፈለገው አንዱን ነውና።

አምላካችን የሚያይ ዓይንና የሚታገሥ ልብ ይስጠን። አሜን።