የአቦ ሸማኔው ዕዳ

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በሆለታ አቅጣጫ፣ እንስሳ ኮቴ የተባለ የዱር እንስሳት ማዕከል አለ። በጠባብ በረት ተዘግተው የኖሩ አንበሶችና ከሕገ ወጥ አዘዋዋሪዎች የተያዙ የአቦ ሸማኔ ግልገሎች ይገቡበታል። ሰው በሚራብበት አገር ለአውሬ ሥጋ መግዛት ጽድቅ ነው ወይስ ቅንጦት? ብዙዎች ጉዳዩን የርኅራኄ ያደርጉታል፤ እኔ ግን የፍትሕ ነው እላለሁ። የአቦ ሸማኔ ግልገል ከእናቱ ጋር አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ቆይቶ አደን ይማራል። ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ገበያ ሲባል የተነጠቀው ግን ይህን ትምህርት ያጣል፤ ዱር ቢለቀቅም ራሱን መመገብ ይቸግረዋል። ጉድለቱ የሰው እጅ ሥራ ነው። የበደለ ደግሞ ይክሳል እንጂ አይመጸውትም።

«ሰው ይቅደም» የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። ሆኖም ባለዕዳ የድሃን መኖር ጠቅሶ ከዕዳው አይድንም። ሃይማኖቶቻችንም ለሰው ማሰብንና ለእንስሳ ማሰብን አላጣሉም፤ የኦሪት ሰንበት በሬውንና አህያውንም ያሳርፋል፣ በእስልምና ሐዲስ ለተጠማ ውሻ ውኃ ያጠጣ ሰው ምሕረት ያገኛል፣ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስም በቤተ ክርስቲያን ሥዕል በአንበሶችና በነብሮች ተከበው ይታያሉ። «መጠለያውስ እስር አይደለም?» ለሚል፣ አዎን፣ አጥር አጥር ነው። መጠለያ በደልን ያቀልላል እንጂ አይሽርም። ግልገል መግዛት፣ ድንበር ማሻገርና አይቶ ዝም ማለት እስካልቆሙ ድረስ ወደ መጠለያው የሚገቡ አዲስ እንስሳት አይቋረጡም። እንግዲህ የቆየውን ዕዳ እንክፈል፤ አዲስም አንግባ።