ሰፈር ይከራያል?

ጅቡቲ ከተማ መሀል አንድ አደባባይ አለ። ዙሪያውን በኖራ የነጡ የድሮ ሕንፃዎች ከበውታል፤ ከፊታቸው ቅስት ተደርድሮላቸዋል፣ መንገደኛው ከፀሐይ የሚሸሸው ወደ ቅስቶቹ ጥላ ነው። አገሪቱ ነፃ ከወጣች ወዲህ በይፋ የሚጠራበት ስም የጁን 27 1977 አደባባይ ነው፤ የከተማው ሰው ግን ዛሬም ምኒልክ ይለዋል። ከዚያ ወደ ደቡብ ጥቂት በእግር ሲሄዱ የመሐሙድ ሐርቢ አደባባይ ይመጣል፤ በድሮ ስሙ ራምቦ። የሐሙዲ መስጊድ ሚናራም እዚያው ነው። ገበያውን አልፈው ሲገቡ በቁጥር የሚጠሩት ሰፈሮች ይጀምራሉ፦ ካርቲየ 1፣ ካርቲየ 2፣ እያለ እስከ 7። ቅኝ ገዢዎቹ ፈረንሳዮች ለራሳቸው ሰፈር ስም ሰጡ፤ የአገሬውን ሰፈር ቆጠሩት።

ካርቲየ 1 የጣውላና የቆርቆሮ ቤት፣ የጠባብ መንገድና የግቢ ሰፈር ነው። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ሰው ፍራሹን ወደ ግቢ አውጥቶ ይተኛል። ቀትር አካባቢ ከኢትዮጵያ የሚመጣው ጫት ሲደርስ መንገዱ ለአፍታ ይጋጋላል፣ ከዚያ ጸጥ ይላል። በየጥጉ አማርኛ ይሰማል፤ ሾፌሩ፣ ቡና የምታፈላው ሴት፣ ከወደብ ሥራ የሚፈልገው ወጣት፣ ሁሉም እዚህ አንድ የአገር ልጅ አያጣም።

ብዙ ከተማ ውስጥ ባለሀብት እንዲህ ያለውን ሰፈር በአዲስ ዓይን ማየት ጀምሯል። አሮጌ ቤት ገዝቶ ይጠግናል፤ ክፍሎቹ ጥቂት ይሆናሉ፣ እያንዳንዱም የየራሱ መልክ ይኖረዋል። ግድግዳው ላይ የሰፈሩ ሠዓሊ ሥራ ይሰቀላል፣ በሩ የጥንት በር ነው፣ ቁርሱም የአካባቢው ቁርስ። ቡቲክ ሆቴል ይባላል። ካርቲየ 1 ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ቢከፈት ምን ይሸጣል? አልጋ እንዳይባል አልጋ ምኒልክ አደባባይ ዙሪያም አለ። የሚሸጠው ሰፈሩ ነው፤ እዚያ መሆን። ጥያቄዬም ይኸው ነው፦ ሰፈር ይከራያል?

ይህ ዓይነቱ ሆቴል የተወለደበትን ምክንያት ማክበር ይገባል። ከዚያ በፊት የነበረው ዘመን የአንድ ዓይነትነት ዘመን ነበር። የመጀመሪያው ሆሊዴይ ኢን እ.ኤ.አ. በ1952 ሜምፊስ ላይ ሲከፈት ለተጓዡ የሰጠው ተስፋ የትም ሂድ፣ ክፍልህ ያው ነው የሚል ነበር። ሒልተንም በየአህጉሩ ያንኑ አደረገ፤ አዲስ አበባ በ1969 ደረሰ። ሰው ከከተማ ከተማ ዞሮ አንድ ክፍል ውስጥ እንደከረመ ሲሰማው ግን መልሱ መጣ፤ በ1978 ለንደን ውስጥ ብሌክስ፣ በ1984 ኒው ዮርክ ውስጥ ሞርጋንስ። ትንሽ ቤት፣ የራሱ መልክ ያለው። እንግዳው የት እንዳለ እንዲያውቅ መፈለጋቸው መልካም ምኞት ነው፤ እኔም ከሁለቱ ምረጥ ብባል ይህንኑ እመርጣለሁ።

ነገር ግን አንድ ሰው የት እንዳለ የሚያውቀው በምንድን ነው? በእነዚህ ሆቴሎች መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠውን ጀበና ልብ ብላችሁ እዩት። ቂጡ ቀይ ነው፤ ጥላሸት የለውም። አንገቱ ላይ የገንፋይ ቡና ፈለግ አልደረቀም፣ የአፉ ውታፍም የለም። እሳት ያላየ ጀበና ነው። ቅርፁ ያው የጀበና ቅርፅ፣ ሸክላውም ያው ሸክላ ነው፤ ነገር ግን ጀበናን ጀበና ያደረገው ነገር፣ ከአንድ ሰው እጅና ከሌላው ሰው ጥም ጋር ያለው ትስስር፣ ተቆርጧል። ከእንግዲህ ይታያል እንጂ አይቀዳበትም። ሰፈርም ሲታይ ብቻ እንደዚሁ ይሆናል። ከሰገነት ላይ ሆኖ የካርቲየ 1ን ቆርቆሮ በጀምበር መጥለቂያ የሚያይ ሰው እውነተኛ ውበት ያያል፤ ይህን አልክድም። ከሥሩ ፍራሽ እያወጣ ካለው ሰው ጋር የሚያገናኘው ነገር ግን ገና አልተፈጠረም።

ስለዚህ ገንዘብ ነው ጥፋተኛው ማለት ይቀናናል። በእኛ ባህል ላደገ ሰው ይህን ማለት ቀላል ነው። በገጠር የመሸበት መንገደኛ ደጃፍ ቆሞ መሸብኝ አሳድሩኝ ይላል፤ ቤት ለእንግዳ ብለው ያስገቡታል፣ እግሩን ያጥቡታል፣ ካለው ያቀርቡለታል። ዋጋ አይጠየቅም። ከዚህ በላይ የሰው ልጅ ለሰው ልጅ ያደረገው ጥቂት ነው። ሆኖም ነፃ አይደለም። እንግዳው ከየት እንደመጣ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ወዴት እንደሚሄድ ይናገራል። የቀረበለትን አልበላም አይልም። በሩን ዘግቶ ብቻውን አይሆንም። ብቻዋን የምትጓዝ ሴት ብትሆን ደግሞ ጥያቄው ይበዛል፣ ዓይኑም ይበዛል። ለእሷ በራሷ ገንዘብ የያዘችው አልጋና በራሷ እጅ የምትዞር ቁልፍ ትልቅ ነገር ናቸው፤ ለማንም መልስ ሳትሰጥ ታድራለች። የተከፈለበት መስተንግዶ ይህን ነፃነት ይሰጣል፤ የዘመድ ቤት አይሰጠውም።

ይህን ከማንም ቀድመው በአገራችን የተረዱት እቴጌ ጣይቱ ይመስሉኛል። ጅቡቲ ላይ እ.ኤ.አ. በ1897 የተጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ ገብቶ ለዓመታት እዚያው ቆሞ ሳለ፣ ነጋዴውና መልእክተኛው በበቅሎ ወደ አዲስ አበባ ይጎርፍ ነበር። ማን ያሳድረው? በማን ቤት? እቴጌ ሆቴል የተከፈተው በዚያ ጊዜ ነው፤ ዛሬ ጣይቱ ሆቴል የምንለው። ሲነገር የኖረው ታሪክ እንዲህ ነው። ለእህል ገንዘብ መክፈል ነውር ስለነበረ አገሬው አልገባም፤ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ገብተው በሉ፣ ሒሳቡንም ራሳቸው ከፈሉ፤ ሌላውም ቀስ በቀስ ለመደ። ታሪኩ በአፍ ሲዞር ጌጥ ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ውስጡ ያለው ነገር ግን ከባድ ነው፤ አንድ ኅብረተሰብ ባይተዋርን በገንዘብ መቀበል ክብረ ነክ እንዳልሆነ የተማረበት ቀን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የከፈሉት ሒሳብ ለማያውቁት መንገደኛ ሁሉ መንገድ ከፈተ።

ያንን ሆቴል ሰፈሩ እንዴት እንደያዘው ደግሞ ተመልከቱ። ፒያሳ ውስጥ ነው፤ የወርቅ ቤቶች፣ የሲኒማ፣ የኬክ ቤቶች ሰፈር። የእንጨት ደረጃው ሲረገጥ ይጮኻል። እዚያ አልጋ ያልያዘ የአዲስ አበባ ሰው ምሳ ሊበላ ይገባል፣ ማታ ሆቴሉ ውስጥ በነበረው ጃዛምባ ክበብ ሙዚቃ ሊሰማ ይገባ ነበር። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ሆቴሉ ሲቃጠል፣ ጃዛምባም አብሮ ሲነድ፣ ከተማው የደነገጠው የራሱ ቤት እንደተቃጠለ ሆኖ ነው። በሕይወቱ አንድም ሌሊት እዚያ ያላደረ ሰው አዘነ። ከአልጋው ጋር ምንም ጉዳይ አልነበረውም፤ ከወንበሩ ግን ነበረው። በዚያ እሳት ማግስት የሰማሁት ሁሉ ስለ ክፍሎቹ አልነበረም፤ ማን የት ጋ ይቀመጥ እንደነበረ፣ ማን እዚያ መድረክ ላይ እንደተጫወተ ነበር።

መለያው ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። መክፈልና አለመክፈል ሆቴልንና ሰፈርን አያጣላም። የሚያጣላቸው በሩ ነው፤ የሰፈሩ ሰው በዚያ በር በሠራተኛነት ብቻ ይገባል ወይስ በጠጪነት፣ በተቀማጭነት፣ በአድማጭነትም ይገባል? የጎረቤት ሰው ሻይ ጠጥቶ መክፈል የሚችልበት ወንበር ያለው ሆቴል ሰፈሩ ውስጥ ነው። የሌለው ደግሞ ቅስቱ ምንም ቢያምር፣ ሥዕሉ ምንም ቢያስደንቅ፣ ሰፈሩ ላይ ተቀምጧል እንጂ ሰፈሩ ውስጥ አይደለም። በእንግዳውም በኩል ይኸው ነው። ከሰፈሩ ሰው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያልተቀመጠ እንግዳ ተመልካች ነው፤ ተመልካች ደግሞ ምንም ያህል ቢከፍል አልተስተናገደም፣ አይቶ ሄደ እንጂ።

የሥነ ጥበብ ሰፈር የሚባለው ነገር ይህን ያጠነክረዋል። ሠዓሊና ሙዚቀኛ አንድ ሰፈር የሚሰበሰቡት ቤት ኪራዩ ስለሚቀልና ልዩ ልዩ ሰው ስለሚገኝ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ሶሆ የሚባለው ሰፈር ባዶ የፋብሪካ ፎቅ ነበር፤ ሠዓሊዎች ገቡበት፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ከተማው እዚያ መኖራቸውን በሕግ ፈቀደ፣ ከዚያ ሱቁና ሆቴሉ ተከትሎ መጣ፣ ኪራዩም ሠዓሊውን አስወጣው። ሆቴሉ የሚኖርበትን ነገር ይበላል። ፒያሳም ብዙ አጥታለች፤ በ2016 ዓ.ም. የዶሮ ማነቂያ ሰፈር አሮጌ ቤቶች ሲነሱ ከቤቶቹ ጋር የተነሣው የጉርብትና ድር በየትኛው ሕንፃ ውስጥ እንደሚተከል ያኔም ጠይቄ ነበር፣ አሁንም እጠይቃለሁ።

ወደ ጅቡቲ ስንመለስ ነገሩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን በተለይ ቅርብ ነው። ውብ ሆቴል ውስጥ የተኛ እንግዳ ኤሲውን ሲከፍት የሚነፍሰው ቅዝቃዜ ከየት እንደመጣ አያስብም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጅቡቲ ከኢትዮጵያ ግድቦች የሚመጣ ኤሌክትሪክ ትገዛለች፤ ከሶማሌ ክልል ከሐደጋላ የተቆፈረ ውሃም በቧንቧ ይደርሳታል። ገላውን የሚያጥብበት ውሃና ላቡን የሚያደርቅለት ነፋስ ተራራ ወርደው በረሃ አቋርጠው የመጡ ናቸው። በመስኮቱ የሚያየው ሰፈር ጌጥ ሆኖ ይቀርባል፤ በእውነት የሚያኖሩት ነገሮች ግን ከግድግዳው ኋላ ተደብቀዋል። ምቾት የሚባለው ነገር አንዱ ጠባይ ይህ ነው፤ ከማን እንደመጣ ያስረሳል። ካርቲየ 1 ውስጥ ያቺኑ መብራት የሚጠቀም ሰው ግን ሒሳቡን ስለሚፈራ ይቆጥራል፤ ኤሲ የሌለው ደግሞ ፍራሹን ያወጣል።

የዱሮው ባቡር ይህን ያህል አይደብቅም ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይሄድም፤ ከጅቡቲ የተነሣ ሰው ድሬዳዋ ያድራል፣ ቀጥሎ አዋሽ ያድራል። አዋሽ ጣቢያ ያለው ቡፌ ዳዋሽ የተወለደው ከዚህ ማደር ነው፤ ግቢው፣ አበባው፣ ሐዲዱ ዳር ያለው በረንዳ። እዚያ ያደረ ሰው መንገዱ እንዳሳደረው ያውቃል። አሁን አዲሱ ኤሌክትሪክ ባቡር ከጅቡቲ ከተማ ወጣ ብሎ ናጋድ ላይ ያወርዳል፤ መንገደኛው ከተማው ውስጥ የሚገባው በመኪና ነው፣ አዳሩንም ራሱ ይመርጣል።

ባይተዋርን የማሳደር ነገር የፍልስፍናም ጥያቄ ነው፤ ፈላስፋው ኢማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1795 ስለ ዘላለማዊ ሰላም በጻፈው መጽሐፍ ላይ አንድ መብት ለይቶ አስቀምጧል። ባይተዋር የሰው አገር ሲደርስ እንደ ጠላት ሊታይ አይገባም፤ ምድር ክብ ናትና ሰው ወሰን በሌለው ስፍራ ሊበታተን አይችልም፣ አንዱ ሌላውን ታግሦ መኖር አለበት። ይህ የመጎብኘት መብት ነው፤ እንደ ቤተሰብ የመስተናገድ መብት አይደለም፣ እሱ ሌላ ስምምነት ይፈልጋል። አገሩ እንግዳውን ሊመልሰው ይችላል፣ ለጥፋት ካልዳረገው ግን። ሆቴል በዚህ ሐሳብ መካከል የተተከለ ቤት ነው፤ ስምምነቱን በሒሳብ ይፈጽማል።

ይህ ሐሳብ ጅቡቲ ውስጥ የሚፈተነው ቱሪስቱ ላይ አይደለም። ከወሎ፣ ከሐረርጌ፣ ከትግራይ ተነሥተው በረሃውን በእግር አቋርጠው ወደ ኦቦክ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ የመን የሚሻገሩ ልጆቻችን በዚሁ አገር ያልፋሉ። ከእነሱ ውስጥ ለአንድ አዳር የሚሆን ገንዘብ የቋጠረ አይጠፋም። የሆቴሉ ዴስክ ግን ከገንዘቡ በፊት ፓስፖርት ይጠይቃል። ገንዘብ ለባይተዋር የከፈተውን በር ወረቀት መልሶ ይዘጋዋል። ያ ልጅ አድሮ የሚሄድ ከሆነ የሚያድረው በአንዱ የአገሩ ልጅ ግቢ ነው፤ የማን ልጅ ነህ ብለው ይጠይቁታል፣ መልሱን በወረቀት አያረጋግጡም፣ ፍራሽ ያወጡለታል። ከአንድ ግድግዳ ማዶ የዚህን ሰፈር መንፈስ ሊቀምስ የመጣ እንግዳ በኤሲ ተኝቶ ይሆናል፤ ሊቀምሰው የመጣው ነገር በዚያች ሰዓት እዚያ ግቢ ውስጥ እየተሠራ መሆኑን ግን ከሆቴሉ የሚነግረው ሰው የለም።