አህያው ጭነቱን ካራገፈ በኋላ

«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» አለ የአውቶቡሱ ረዳት ጓዜን ከላይ እስከ ታች ዐይቶ። ቀጠል አድርጎም «አንተ ግን አህያውንም አመዱንም ተሸክመህ ነው የምትሄድ» አለኝ። ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ነበር፤ መናኸሪያው በጆንያና በፍራሽ ተጨናንቋል። እኔ ሁለት ጆንያ፣ አንድ ሻንጣና ባለ 5 ሊትር ዘይት ይዤያለሁ። ጆንያዎቹ ላይ ተጫኑ። ዘይቱን ግን ክዳኑን ስላላመንኩት እንደ ሕፃን ታቅፌው ገባሁ።

ከአዲስ አበባ ዳንግላ 480 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሱሉልታን፣ ፍቼን፣ ጎሃ ጽዮንን እስክናልፍ ኦሮሚያ፤ አባይ በረሃ ወርደን ደጀን ላይ ስንወጣ ደግሞ አማራ ክልል። ቀድሞ ለገና የሚሄድ ሰው ጭንቀቱ «ትኬት አለ ወይ?» ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ግን «መንገድ ክፍት ነው ወይ?» ሆኗል። ዘንድሮ ክፍት ነበር። ደብረ ማርቆስን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን አልፈን ቲሊሊ ስንደርስ ብርዱ በመስኮቱ ገባ፤ የእኛ አገር ብርድ እንደሆነ አፍንጫዬ ነገረኝ። እንጅባራን ዛሬም ብዙ ሰው ኮሶበር ነው የሚላት። ከዚያ አዲስ ቅዳም፣ ከዚያ ዳንግላ። ይህን ሁሉ መንገድ ግን የረዳቱ ተረት ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ሳስበው ተረቱ ግሥ የለውም። «ዘመድ ከዘመዱ» ምን? ይሄዳል? ይሻለዋል? ይቅር? ይጣላል? ተናጋሪው አይናገርም፤ ሰሚው ነው በየሁኔታው የሚሞላው። ለገና አገሩ የሚገባ ሰው ሲሸኙት «ደግ አደረገ» ማለት ነው። ልጃችን የማናውቃቸው ሰዎች ቤት ማዘውተር ሲያበዛ ደግሞ በቁጣ ይባልና «ወገንህን ያዝ» ይሆናል። ሁለት የማይረቡ ሰዎች ሲገጥሙም ይባላል፤ ያኔ ስድብ ነው፣ «ቢጤውን አገኘ» ለማለት። አንድ ተረት ሦስት ፊት።

«ከ»ም አታላይ ናት። «ከእናቴ ጋር ሰነበትኩ» እንላለን፤ «ከእናቴ ተለየሁ»ም እንላለን፤ መቅረቡም መራቁም በዚችው ፊደል ነው። «አመዱ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ተናጋሪውም ሰሚውም የሚያውቁት አንድ አመድ ሊሆን ይችላል፣ የራሱ የአህያው አመድም ሊሆን ይችላል። ይህችን የመጨረሻዋን መንታነት ዝም ብዬ አላነሣኋትም፤ ወደ ኋላ አክስቴ ትመጣባታለች።

አህያው ለምን መጣ የሚል ሰው፣ ለ«ዘመዱ» ቤት እንዲመታለት «አመዱ» ተገኘ፣ ከአመድ ጋር ደግሞ የሚውል እንስሳ አህያ ነው ብሎ ሊገላገል ይችላል። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። የዋዜማው ገበያ ዕለት ግን በእናቴ ጓሮ በኩል የጎረቤታችንን አህያ ቆሜ ዐየሁት። ሁለት ጆንያ ድንች ተሸክሞ ሄዶ፣ ጨውና ዱቄት ጭኖ ተመልሷል። ጭነቱ ሲወርድለት ወዲያው አልተንቀሳቀሰም፤ መውረዱን ያላመነ ይመስል ጥቂት ቆመ። ጀርባው ላይ ገመዱ ያረፈበት ጸጉር በላብ ተጣብቋል። ከዚያ ቀስ ብሎ ከማድ ቤቱ ኋላ ወዳለው የአመድ መድፊያ ሄደ። አሸተተው፤ በፊት እግሩ ጫር ጫር አደረገው፤ ጉልበቱን አጠፈና ዘፍ አለ። አንዴ በቀኝ ተንከባለለ። ሊገለበጥ ሞከረ፣ አቃተው፣ ደግሞ ሞከረ፤ በሦስተኛው አራት እግሩ ሰማይ ላይ ታየና በግራው ወደቀ። ሲነሣ ግራጫነቱ ነጭ ሆኖ ነበር። ራሱን ሲያራግፍ አመዱ እንደ ጉም ተነሣ፤ አንዴ በረጅሙ ተነፈሰ።

አመድ ደረቅ ነው፤ ላቡን ይመጠዋል፣ የሚያሳክከውን ያስታግሥለታል፣ ነፍሳቱን ያባርርለታል። እንግዲህ አህያው አመድ ጋ የሚሄደው አመዱ ስላማረው አይደለም፤ ጀርባው ስለሚበላው ነው። ደግሞ ጭነት እንደተሸከመ አመድ ላይ የሚተኛ አህያ የለም። ተረቱ ዘመድን ከወርቅ ወይም ከማር ጋር ሳይሆን ሰው ከሚደፋው ነገር ጋር ማወዳደሩ ቀድሞ ይገርመኝ ነበር፤ አህያውን ካየሁ በኋላ አልገረመኝም። ዘመድ ማለት ጭነትህ ከወረደ በኋላ እግርህን ወደ ላይ ሰቅለህ የምትንከባለልበት ነው፤ ሰው ቢያይህም የማታፍርበት።

ተረቱን የምጣላውም እዚህ ላይ ነው። እኛ ከተሜዎቹ ለበዓል አገር ቤት ስንገባ ጭነታችንን መቼ እናራግፋለን? እኔ የደረስኩ ዕለት ጆንያዎቹ ተፈቱ፤ ስኳር፣ ሳሙና፣ ለልጆቹ ጫማ፣ ለእናቴ ነጠላ፣ ለአያ ጃኬት። የጆንያው ጭነት ወረደ፤ የማይታየው ግን ባለበት ነው። ጎረቤት ሊጠይቀኝ ይመጣል፤ ከሰላምታው ቀጥሎ «ቤት ሠራህ?» ይከተላል። «ደመወዝ ተጨመረ አሉ?» «ያንን ልጃችንን አንድ ቦታ አታስገባውም?» መልሴ ሁሉ ግማሽ እውነት ነው። የቤት ኪራይ በየጊዜው እየገፋኝ ከከተማው ዳር መድረሴን አላወራሁም። ለበዓሉ የተበደርኩትንም አላወራሁም። ሙሉ ጭነት ይዤ አመድ ላይ ልንከባለል የምሞክር እኔ ብቻ አልነበርኩም፤ በመንደራችን በዚያ ሳምንት ከአዲስ አበባ የመጣው ሁሉ እንደኔው ጀርባው ሳይራገፍ ፈገግ ይል ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ ተራግፌያለሁ። የደረስኩ ማታ እናቴ ለብ ያለ ውኃ በሳፋ አምጥታ እግሬ ሥር ቁጭ አለች። «አምጣ እግርህን።»

«ተይ እማዬ፣ ካልሲው ይሸታል።»

«ምኑ ይሸታል? መንገድ ነው እንጂ።»

ተረከዜን በመዳፏ ያዘችው። በአውቶቡስ ተቀምጬ የመጣሁት ሰውዬ በእግሩ የመጣ መንገደኛ ሆንኩ። ቤት ስለመሥራት አልጠየቀችኝም። ውኃው ሲጠቁር አይታ «ይኼ ሁሉ የአባይ በረሃ ነው?» አለችና ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ፣ ከዚያ ሳላስበው ዐይኔ ሞላ። ብርሃኑ ደብዛዛ ስለነበረ አላየችኝም፤ ወይም አይታ ዝም ብላለች።

አሁን ወደ አክስቴ። የእናቴ ታናሽ ናት፤ መተከል ነው የምትኖረው፣ ከቻግኒ ወዲያ ባለው አገር። ልጅ ሳለሁ እሷ ቤት መሄድ ጎረቤት መንደር እንደመሄድ ነበር፤ ዛሬ ሌላ ክልል መሄድ ነው። መተከል ድሮ በጎጃም ሥር አንድ አውራጃ ነበር፤ የአውራጃው ከተማም ቻግኒ ነበረች። ክልሎች ሲከለሉ፣ በ1987ቱ ሕገ መንግሥትም ሲጸና፣ መተከል ቤንሻንጉል ጉሙዝ ሆነ፤ ቻግኒ ግን አማራ ክልል፣ አዊ ውስጥ ቀረች። ራስ ወዲህ፣ አካል ወዲያ። የአገው ትውፊት ደግሞ ሰባት ቤት የሚባሉ ወንድማማቾች ነበሩ ይላል፤ ባንጃ፣ አንከሻ፣ ዚገም እያለ ሲቆጥር ከሰባቱ አንዱ መተከል ነው። ስድስቱን እዚህ ትቶ አንዱን ወዲያ ያደረገ ካርታ «ዘመድ ከዘመዱ» ለሚለው ተረት ምን ግሥ እንደሚሰጠው እንጃ።

ግሥ የሰጡት አልጠፉም። «ዘመድ» የሚለው ቃል የእናትን ልጅና የአክስትን ልጅ የሚጠራ ነበር፤ ባለፉት ዓመታት ግን ፊቱን የማላውቀውን፣ ቋንቋዬን ግን የሚናገረውን ሚሊዮን ሰው ሁሉ ዘመድህ ነው፣ የቀረው ባዳ ነው የሚል ፍቺ በላዩ ተጫነበት። እንዲህ ሲሆን ተረቱ «ሂድ፣ ወደ መጣህበት» የሚል የማባረሪያ ዱላ ይሆናል። በ2013 ዓ.ም. በመተከል ሰው ሲገደልና ሲፈናቀል ዐሥር ሺዎች ወደ ቻግኒ ጎረፉ፤ ራንች በሚባለው ቦታ በሸራ ሥር ሰፈሩ። አክስቴ አንዷ ነበረች። ዘመድ አዳናት? እናቴ ከዳንግላ ሄዳ አመጣቻት፤ አዎ። ግን ከዚያ በፊት ሌሊቱን ደብቃ ያሳደረቻት ጎረቤቷ የሆነች የጉሙዝ ሴት ናት። አክስቴ ኋላ ስትመለስ ምጣዷን ያገኘችውም እዚያች ሴት ቤት ነው፤ በማዳበሪያ ጆንያ ተጠቅልሎ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ ሳይሰነጠቅ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ሌላው ተረት በዚህ ይረታል ብዬ ነበር። አክስቴ ግን ሁለቱንም ተረቶች እንደኔ እያፈራረደች አትኖርም።

ዘንድሮ እኛ ወደሷ ሳንሄድ እሷ ወደኛ መጣች። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ ቆይቶ፣ የገና ሌሊት ቅዳሴው ወጥቶ ዶሮው ሲቀርብ፣ የዳጉሳው ጠላ ሲቀዳ ከሁሉ ይልቅ የምትጫወተው እሷ ነበረች። በማግስቱ ግን ነጠላዋን ማጣጠፍ ጀመረች። እናቴ ተቆጣች። ጥምቀትን ዋይ፣ ጥር 23 ደግሞ እንጅባራ ላይ የፈረሰኞቹ በዓል ነው፣ ፈረሱን ሳታዪ ትሄጃለሽ ወይ፣ እያለች ለመነቻት። አክስቴ አንገቷን ነቀነቀች። እኔም የተማርኩ ነኝና ጣልቃ ገባሁ፤ «ዘመድ ከዘመዱ ነው የሚባል፤ ያ ሁሉ ከደረሰብሽ በኋላ ምን ያስቸኩልሻል?»

«እህቴ ዘመዴ ናት» አለች። «አመዴ ግን ወዲያ ነው።»

ይህን ስትል እናቴን አላየቻትም፤ እጇ ነጠላው ጥለት ላይ ነበር። ተረቱ እጄ ላይ ለሁለት ተሰበረ። ለካ እስካሁን ስንለው ዘመድና አመድ አንድ ቦታ ናቸው ብለን ይዘን ነው። ይህ እውነት የሚሆነው ሰው በተወለደበት ግቢ አርጅቶ ለሚሞትበት ዘመን ነው። አመድ ግን የት ይገኛል? ምድጃ ካለበት። ምድጃው ያለው ደግሞ እሳቱን ራስህ ባነደድክበት፣ አመዱን ራስህ በደፋህበት ነው። አክስቴ ሠላሳ ዓመት የደፋችው አመድ መተከል ነው ያለው፤ ምጣዷም እዚያ።

የኔስ? ይህን ሳሰላስል በጓሮው አጥር ወዲያ የዲከረንሱን ዛፍ ዐየሁ። በእኛ አካባቢ፣ በተለይ አዲስ ቅዳም ባለችበት ፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው ከሠላሳ ዓመት ገደማ ወዲህ ማሳውን በዚህ የግራር ዝርያ ሸፍኖታል። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራበታል፤ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ይቆረጥና እዚያው ማሳው ላይ ተከምሮ፣ አፈር ለብሶ፣ ቀስ እያለ ከሰል ይሆናል። በቅርብ ዓመታት በሽታ ገብቶበት ብዙ ማሳ ቢመታም ከሰል የጫነው መኪና ወደ አዲስ አበባ መውረዱን አልተወም። ሰፈሬ ያለችው ከሰል ሻጭ ከየት እንደሚመጣላት ጠይቄያት አውቃለሁ፤ «የጎጃም ነው፣ እሳቱ ይበረታል» ነው ያለችኝ። ስለዚህ ቡና አፍልቼ ጠዋት ከጠባቧ የኪራይ ቤቴ በር ላይ የምደፋው አመድ ከዚሁ ከአያቶቼ አፈር የተነሣ ዛፍ ነው። ዘመዶቼ ዳንግላ፣ አመዴ አዲስ አበባ፤ የአመዴ ዘመዶች ደግሞ አዲስ ቅዳም። እናቴ ይህን ስነግራት «አንተ ልጅ፣ ቡናው ይቀዝቅዝብህ?» አለችኝ።

አክስቴን እኔ ነኝ መናኸሪያ የሸኘኋት። እናቴ ስትቆጣ ሰንብታ የመሄጃዋ ጠዋት ግን ጓዳ ገብታ ዕቃ ስታንኳኳ ተሰማ። ድንች በዘንቢል፣ ቅቤ በቅል፣ ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ ጨርቅ። በመጨረሻ ያቺን ባለ 5 ሊትር ዘይት ይዛ ወጣች፤ ክዳኗ አሁንም አልተከፈተም። ለእናቴ ብዬ ታቅፌ አባይን ያሻገርኳት ናት። ዐየኋት፤ አየችኝ፤ ምንም አላልንም።

መናኸሪያው ውስጥ «ኮሶበር! ኮሶበር!» ይባላል፤ ከኮሶበር ለቻግኒ ሌላ መኪና፣ ከቻግኒ ደግሞ ሌላ። የሚኒባሱ ረዳት ዘንቢሉንና ቅሉን ወደ ኋላ ወረወረ። ዘይቱን ሊቀበላት እጁን ሲዘረጋ አክስቴ ክዳኑን ጠበቅ አደረገችና እምቢ አለችው። ታቅፋት ገባች።

«እማ፣ ለበዓል ነው የምትሄጅ?» አላት ልጁ ሂሳብ እየተቀበለ።

«በዓሉማ አለፈ» አለች። «ቤቴ ነው።»