የሌሊት ዘቡ የሚጠብቀው ምንድን ነው?

«የሕይወትና የንብረት ደኅንነት» የሚለው ሐረግ ከአዋጅም፣ ከመመሪያም፣ ከዕለት ንግግርም አይጠፋም። ሁለቱ ቃላት ዘወትር ጎን ለጎን ስለሚነገሩ፣ ንብረትን የጠበቀ ሁሉ ሕይወትንም እንደጠበቀ አድርገን ማሰብ ይቀናናል። ነገር ግን እነዚህ ሁለት አደራዎች በእርግጥ አንድ ናቸውን? አንዱ ለሌላው ሲባል የሚሠዋበት ጊዜ ቢመጣስ፣ ሚዛኑ ወዴት ማጋደል ይገባዋል? ጥያቄው በረቂቅ ሐሳብ ብቻ ሲታይ መልሱ ቀላል ይመስላል፤ በተወሰነ አገርና በተወሰኑ አራሾች ኑሮ ላይ ሲፈተን ግን ክብደቱ ይገለጻል። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ የኢንዶኔዥያን፣ በተለይም የጃቫ ደሴትን ሩዝ አምራች መንደር እንመለከታለን።

በጃቫ ገጠር መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የእርሻ ቆጠራ እንዳመለከተው፣ በመላዋ ኢንዶኔዥያ ከሚገኙት አራሽ ቤተሰቦች ከግማሽ የሚበልጡት የያዙት መሬት ግማሽ ሄክታር እንኳ አይሞላም ነበር። ቤቶቹ በሙዝ፣ በኮኮናትና በቀርከሃ ተከበው ተጠጋግተው ይሠራሉ፤ የሩዙ ማሳ ውሃ ተኝቶበት በመንደሩ ዙሪያ ይዘረጋል። ዛሬ ብዙው ቤት በጡብ የተሠራ ቢሆንም፣ ለረጅም ዘመን የድኻው ግድግዳ እንደ ሰሌን የተሠራ የቀርከሃ ልጥ ነበር። እንዲህ ያለውን ግድግዳ ቢላዋ የያዘ ሰው በአፍታ ይከፍተዋል። ታዲያ እህሉ፣ ጎሹና ዶሮው በምን ታምኖ ያድር ነበር?

መልሱ «ሮንዳ» የሚባለው የተራ ጥበቃ ነው። የመንደሩ ወንዶች ተራ ገብተው በአንዲት ትንሽ የዘብ ዳስ ያድራሉ፤ በየጊዜውም እየተነሡ ሰፈሩን ይዞራሉ። በዳሷ ላይ ከተቦረቦረ ግንድ ወይም ከቀርከሃ የተሠራ፣ «ኬንቶንጋን» የሚሉት የእንጨት ደወል ተሰቅሏል። አመታቱ ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው፤ ሌባ ሲመጣ፣ እሳት ሲነሣ፣ ጎርፍ ሲደርስ፣ ሰው ሲሞት የየራሱ ምት አለው፤ ሁሉም ሰላም መሆኑን የሚያበስርም ምት አለ። ዘቦቹ ሲዞሩ በየቤቱ ደጃፍ ከተንጠለጠለች ትንሽ ዕቃ ውስጥ ቁንጥር ሩዝ ይሰበስባሉ፤ «ጂምፒታን» ይሏታል። የተጠራቀመው ሩዝ ለመንደሩ የጋራ ሥራና ለተቸገረ መርጃ ይውላል። በብዙ ቦታ በሩዙ ፈንታ ሳንቲም ቢተካም፣ ልማዱ እስከ ዛሬ አልጠፋም። ኢንዶኔዥያውያን ይህን የመሰለውን መተጋገዝ «ጎቶንግ ሮዮንግ» ብለው ይጠሩታል፤ እኛ በደቦና በወንፈል የምናውቀው መንፈስ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። በእንዲህ ያለው መንደር ንብረትን የሚጠብቀው ግድግዳውም ቁልፉም አይደለም፤ የነቃ ጎረቤት ነው። «የእኔ» የምለው ጎሽ ሲነጋ የእኔ ሆኖ የሚገኘው፣ ሌላው ሰው እንቅልፉን ስለተወልኝ ነው። ንብረት በሰውና በዕቃ መካከል ያለ ግንኙነት ብቻ ቢመስልም፣ በመሠረቱ በሰውና በሰው መካከል ያለ ውል ነው። ውል ከሆነ ደግሞ ግዴታው በአንድ ወገን ብቻ ሊቀር አይችልም። ባለመሬቱ መሬት ለሌለው ዘብ ምን ዕዳ አለበት?

የቀድሞው ልማድ ለዚህ ጥያቄ በመከር ወቅት መልስ ይሰጥ ነበር። ሩዝ ሲደርስ የመንደሩ ሴቶች «አኒ-አኒ» የተባለችውን፣ በመዳፍ ውስጥ የምትሸሸግ ትንሽ ቢላዋ ይዘው ወደ ማሳው ይገባሉ፤ ዘለላውን አንድ በአንድ ይቆርጣሉ። ካጨዱትም ላይ «ባዎን» የሚባለውን ድርሻ ይወስዳሉ። ባለማሳው ለማጨድ የመጣን ጎረቤት መመለስ ነውር ነበር። መሬቱ የአንድ ሰው ቢሆንም መከሩ በሩ ገርበብ ያለ ነበር ማለት ነው። ይህንኑ የሞራል ስሜት የሕግ ቋንቋም ተናግሮታል፤ በ1960 እ.ኤ.አ. የወጣው ቁጥር 5 መሠረታዊ የመሬት ሕግ በስድስተኛው አንቀጹ፣ ማናቸውም የመሬት መብት ማኅበራዊ ተግባር እንዳለው ደነገገ። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ሕግም የባለመሬቱንና የገባሩን የምርት አከፋፈል በደንብ ለመወሰን ሞከረ።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ዘመን ከልክ በላይ ማስዋብ ከእውነት ያርቃል። አሜሪካዊው የባሕል ተመራማሪ ክሊፎርድ ጊርትስ በ1963 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የጃቫን ገጠር «ድኽነትን የተከፋፈለ» ማኅበረሰብ አድርጎ ሥሎት ነበር፤ ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን ክፍፍሉ እኩል እንዳልነበረ፣ መሬት ያለውና የሌለው ከጥንትም እንደነበረ አሳይተዋል። ባንዱንግ አገራችን ጭምር የተገኘችበት የ1955 እ.ኤ.አ. የእስያና የአፍሪካ ጉባኤ የተካሄደባት ከተማ ናት። ሱካርኖ በወጣትነታቸው ከዚህችው ከተማ በስተደቡብ አንድ አራሽ ማግኘታቸውን ደጋግመው ተርከዋል። መሬቱ የማን እንደሆነ ሲጠይቁት «የእኔ» አላቸው፤ ዶማውም፣ ጎጆውም የራሱ ነበር። ነገር ግን ድኻ ነበር። «ማርሃን» የተባለው ይህ ሰው ንብረት መኖሩ ብቻ ኑሮን እንደማያስተማምን ምሳሌ ሆኖ ቀረ።

በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አዲሶቹ የሩዝ ዘሮችና ማዳበሪያው ወደ መንደሩ ሲገቡ ምርቱ ጨመረ፤ ኢንዶኔዥያም በ1984 እ.ኤ.አ. በሩዝ ራሷን መቻሏን አስታወቀች። የተራበ ሕዝብ መጥገቡን ማንም ሊያናንቀው አይገባም። ነገር ግን ብዙ ባለማሳዎች ገና ያልታጨደውን ሰብል ለነጋዴ መሸጥ ጀመሩ፤ «ተባሳን» ይባላል። ነጋዴው የራሱን ማጭድ ያዥ ሠራተኞች ይዞ ይመጣል፤ የጎረቤት ሴቶች አኒ-አኒያቸውን እንደያዙ ከማሳው ዳር ቀሩ። የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮም ከሙቀጫ ሥራ የሚያገኙትን ገቢ ወሰደባቸው። ባለማሳው በክፋት አደረገው ማለት አይቻልም፤ የማዳበሪያውንና የዘሩን ዋጋ መክፈል ነበረበት፤ ለነጋዴው ሲሸጥ ደግሞ ጎረቤቱን «አትምጪ» ብሎ በራሱ አፍ ከመናገር ይድናል። የሆነው ሆኖ ውሉ በአንድ በኩል ተበጠሰ። የእነዚያ ሴቶች ባሎች ሌሊት ተራቸው ሲደርስ ግን የዚያኑ ሰው እህልና ከብት ይጠብቃሉ። ከመከሩ የተገፋ ሰው ዘቡን ሲቀጥል የሚጠብቀው የማንን ደኅንነት ነው? ጥያቄው ለሌብነት ምክንያት መፈለግ አይደለም፤ ጥበቃን ከፍትሕ ነጥሎ ማየት እንደማይቻል ለማሳሰብ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ጎረቤትን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ደወል ለምን እንደቀሰቀሰው ራሱ አያውቅም። ከ1963 እስከ 1965 እ.ኤ.አ. በጃቫ የመሬት ክፍፍሉን ሕግ ለማስፈጸም በተነሣው ግጭት መንደሮች ተከፋፈሉ፤ በ1965 እና በ1966 እ.ኤ.አ. በጦር ሠራዊቱ መሪነትና በሲቪል ታጣቂዎች ተሳትፎ ቢያንስ 500,000 እንደሚደርስ የሚገመት ሕዝብ ተገደለ። ከገዳዮቹ መካከል የሟቾቹ ጎረቤቶች ነበሩ። ከ1983 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ደግሞ በወንጀል የተጠረጠሩ ብዙ ሰዎች ያለ ፍርድ ተተኩሶባቸው ሬሳቸው በአደባባይ ተጣለ፤ ፕሬዚዳንት ሱሃርቶ በ1989 እ.ኤ.አ. በወጣው ግለ ታሪካቸው ድርጊቱ ሌላውን ለማስደንገጥ ታስቦ የተፈጸመ መሆኑን አምነዋል። በ1998 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ጃቫ በባንዩዋንጊና በአካባቢዋ ከመቶ በላይ ሰዎች መተተኞች ናችሁ ተብለው ተገደሉ፤ የፈራው መንደር ዘቡን ሲያጠናክር መንገደኞች ሳይቀሩ በጥርጣሬ ሕይወታቸውን አጡ። በጥር 2023 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ጆኮ ዊዶዶ እነዚህን ሦስቱንም ድርጊቶች ከከባድ የሰብአዊ መብት ጥሰቶች ቆጥረው መጸጸታቸውን ገልጸዋል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። ጎሽ ለድኻ አራሽ ሕይወት ነው፤ ጎሹ የተሰረቀበት ሰው የሚያርስበትን፣ አልፎም የሚበላውን ያጣል፤ ስለዚህ ንብረትን መጠበቅ ሕይወትን መጠበቅ ነው፤ ሌባን መራራትም በድኻው ላይ መጨከን ነው የሚል። ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። ንብረት ክቡር የሚሆነው በእርግጥ ሕይወትን ስለሚሸከም ነው። ነገር ግን ከዚሁ ከራሱ ነገር የሚከተለው ተቃራኒው ነው፤ ንብረት ክብሩን ያገኘው ከሕይወት ከሆነ፣ ስለ ንብረት ሲባል ሕይወትን ማጥፋት ምንጩን ደፍኖ ወንዙን እንደመጠበቅ ይቆጠራል። የጠፋው ጎሽ በመንደሩ መዋጮ ሊተካ ይችላል፤ በስሕተት የተገደለውን መንገደኛ ግን የትኛውም ጂምፒታን አይተካውም። እንግዲህ የዘቡ ሥልጣን ወሰኑ ግልጽ ነው፤ መንቃት፣ መቀስቀስ፣ መያዝና ለሕግ ማስረከብ። ከዚህ ካለፈ ዘቡ ራሱ መጠበቅ የሚያስፈልግበት አደጋ ይሆናል።

በመጨረሻም፣ ወደ መንደር የሚመጣ ሌባ ሁሉ በሌሊት አይመጣም። በማዕከላዊ ጃቫ የኬዱንግ ኦምቦ ግድብ ሲሠራ ከ5,000 በላይ ቤተሰቦች መሬታቸውን እንዲለቁ ተደረገ። ካሳው አነሰን ብለው ያልተነሡ ነበሩ፤ በጥር 1989 እ.ኤ.አ. ግድቡ መሙላት ሲጀምር ውሃው ገና ሰው ወዳለበት መንደር ገባ። በቀን ብርሃን፣ በማኅተምና በደብዳቤ ለመጣው ለዚህ ጥፋት ኬንቶንጋኑ ምት አልተበጀለትም ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ይሁን እንጂ ድሩ የትኛውን አንበሳ ለማሰር እንደተፈተለ መጠየቅም ተገቢ ነው። ድኻውን ሌባ ብቻ እየያዘ ትልቁን የሚያሳልፍ ጥበቃ በስሙ ብቻ ጥበቃ ነው።

መምህራንና ከያንያን ስለ ገጠር ሲያስተምሩ፣ ሲሥሉና ሲጽፉ የጋራ ሥራውንና የደወሉን ድምፅ ማድነቃቸው መልካም ነው። አድናቆቱ እውነትን እንዲይዝ ግን ሦስት ነገሮችን አብሮ ማሳየት ይኖርበታል፤ ደወሉን የሚመታው ማን እንደሆነ፣ ከመከሩ የቀረው ማን እንደሆነ፣ ተይዞ በጨለማ የቆመው ሰውም ሲነጋ በሕይወት ይኑር አይኑር። የአንድ መንደር ደኅንነት የሚለካው በነዚህ ነው።